ደብተር የሚይዘው የኮዬ ፈጬ መድኃኒት ቤት

የዘንድሮ እንቁጣጣሽ ጠዋት እማዬ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ከመኝታ ቤት ወጣች። ቀሚሱ ከፊት መሬት ይጠርጋል። ከኋላ ደግሞ ተነስቶ ተረከዟን ያሳያል። «ይሄ ነገር ተለጠጠ እንዴ?» አለችኝ። የሰፋሁት እኔ ነኝ። በ2015 ለመስቀል የሰፋሁላት የሸማ ቀሚስ ነው። ሸማ ሲታጠብ ይሰበሰባል እንጂ አይለጠጥም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ትንሽ ሱቅ ተከራይቼ እሠራለሁ። የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር አለኝ፤ የእማዬም ገጽ አለ። አውጥቼ አየሁት። ከትከሻ እስከ ታች 132 ይላል። ሜትሬን አንስቼ ለካኋት። 127። ተሳስቻለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። እናቴ በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሴንቲ ሜትር አጥራለች።

ጀርባ ሲጎብጥ ቀሚስ ከፊት ይረዝማል፣ ከኋላ ያጥራል። ይሄን የማያውቅ ሰፊ የለም። ለጎበጠ ሰው ስንቆርጥ ከኋላ እንጨምራለን። ለሰው እናት የማየውን ነገር በገዛ እናቴ ላይ ሳላየው ቀረሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በማግሥቱ ያንን ሜትር አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ መድኃኒት ቤት ነው።

በቅድሚያ ግን እማዬን ላስተዋውቃችሁ። 64 ዓመቷ ነው። አስም ከወጣትነቷ ጀምሮ አለባት፤ እዚህ ከገባን ወዲህ ግን ባሰባት። ኮዬ ፈጬን የሚያውቅ ምክንያቱን ያውቃል። በበጋ አቧራው አለ፣ በክረምት ብርዱ አለ። ከብሎኩ ጀርባ ቆሻሻ ይቃጠላል። ደረጃው ላይ ከሰል ይቀጣጠላል። እኛ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነን፤ ሊፍት የለም።

ሲያፍናት የምናደርገው ነገር አንድ ነበር። ወደ አንድ መድኃኒት ቤት እሮጣለሁ። አሁን ከምጽፍለት ጋር አንድ አይደለም፤ ስሙንም አልጠራም። «ለእማዬ የተለመደውን» እላለሁ። ፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊ ግራም 40 ፍሬ ይሰጠኛል። የሐኪም ወረቀት አምጪ የሚል የለም። በቀን 8 ፍሬ፣ ለ5 ቀን። በሁለተኛው ቀን እማዬ ትተነፍሳለች። ምግብ ይበላላታል። «ይቺ ኪኒን ነፍስ ናት» ትላለች። እኔም የሸጠልኝን ሰው እመርቅ ነበር።

ፓፍ፣ ማለትም በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት፣ ግን አትወድም። «ፓፍ አንዴ ከለመዱት አይለቅም» ብለዋታል ጎረቤቶቿ። ጤና ጣቢያ የሰጧት ቤክሎሜታዞን የሚባል ፓፍ ካርቶኑ ሳይከፈት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ውሃ በፈረቃ መጣ። እኔ ሱቅ ነበርኩ። እማዬ 20 ሊትር ሙሉ ጀሪካን ከመታጠቢያ ቤት ወደ ኩሽና ልትወስድ አነሳች። «ቀጭ ሲል ሰማሁት» ነው ያለችኝ። ወገቧን ይዛ እዚያው ቁጭ አለች። ብርድ ነው ተባለ። ቅጭት ነው ተባለ። በቅባት አሸናት፣ በሙቅ ውሃ ያዝናት። ከዚያ እንቁጣጣሽ መጣ፣ ቀሚሱም መሬት ጠረገ።

በበዓሉ ማግሥት ማፈን ጀመራት። የለመድኩት መድኃኒት ቤት ዝግ ነበር። ስለዚህ ከኛ ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ አዲስ ወደተከፈተው ሄድኩ።

ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ከባንኮኒው ኋላ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት አለች። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይላታል፤ እሷ ደግሞ በየቀኑ «ፋርማሲስት ነኝ» እያለች ታርማለች። እኔም ገብቼ «ዶክተር፣ ፕሬድኒሶሎን 40 ፍሬ» አልኳት። እጇ ወደ መደርደሪያው አልሄደም።

«ለማን ነው እህቴ?»

«ለእናቴ።»

«የሐኪም ወረቀት አላቸው?»

«የላትም። ግን ሁሌ የምትወስደው ነው።»

«ሁሌ ማለት? ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ወሰዱ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቆሜ መቁጠር ጀመርኩ። ጥቅምት ላይ አንዴ። ገና ሰሞን አንዴ። በሁዳዴ። ግንቦት። ሐምሌ። ነሐሴ መባቻ። ስድስት። ልጅቷ የመድኃኒት ካርቶን ቀድዳ ጀርባው ላይ አሰላች። 40 ፍሬ በ5 ሲባዛ 200 ሚሊ ግራም። በ6 ሲባዛ 1,200 ሚሊ ግራም። ቁጥሩን ወደኔ አዞረችው። ዝም ብዬ አየሁት።

ከዚያ «ወገባቸውን ያማቸዋል?» አለችኝ።

ስለ ወገብ ምንም አልነገርኳትም ነበር። ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ጀሪካኑን ነገርኳት። ሜትሩን ከአንገቴ አውርጄ 132 እና 127 የሚለውን ነገርኳት። ብዕሯን አስቀመጠች። «ኪኒኑን አልሸጥልሽም፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው» አለች። የእማዬን ስም፣ ዕድሜ፣ ስድስቱን ጊዜ፣ የቁመቱን ለውጥና የጀሪካኑን ቀን በአንድ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። «ይሄን ለሐኪሙ ስጪው። ፕሬድኒሶሎን ያስፈልጋቸው ይሆናል፤ እሱን ሐኪሙ ይወስናል።»

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። እናቴ እያፈናት ነው፣ መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ነው፣ ልጅቷ አልሸጥም ትላለች። ያን ቀን አምስት ደቂቃ በመጠየቋ ግን ዛሬ እማዬ ጎኗን ሳትይዝ ትሄዳለች።

ጤና ጣቢያ በጭምብል የሚሳብ መድኃኒት ሰጧት። ፕሬድኒሶሎንም አዘዙላት፤ የ5 ቀን። ወረቀቱን አንብበው ደግሞ ሆስፒታል ላኩን። ራጅ ተነሳች። ከጀርባ አጥንቶቿ አንዱ፣ 12ኛው፣ ከፊት በኩል ተደፍጥጧል። ቅጭት ያልነው ስብራት ነበር።

ራጁን ይዤ የተመለስኩት ወደዚያችው ጠባብ ሱቅ ነው። ሆስፒታል የነገሩኝን በሩጫ ስለነገሩኝ ሁሉም አልገባኝም ነበር። ልጅቷ ከሰዓት ሰው ሲቀንስ ነይ አለችኝ። ሄድኩ። ያን ዕለት ያስረዳችኝን እዚህ የምጽፈው እንደኔ ለሆነ ሰው ብዬ ነው።

አጥንት እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም አለች። ሰውነታችን አሮጌውን አጥንት በየጊዜው ያፈርሳል፣ በቦታው አዲስ ይገነባል። ፕሬድኒሶሎን እና መሰሎቹ፣ ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባሉት፣ ገንቢዎቹን ሕዋሳት ያዳክማሉ፣ ይገድላሉም። አፍራሾቹ ግን ሥራ አያቆሙም። እዚህ ላይ አንጀት ካልሲየም መምጠጡን ይቀንሳል፣ ኩላሊትም ካልሲየም በሽንት ያስወጣል። ጡንቻም ስለሚደክም ሰው በቀላሉ ይወድቃል። እማዬ ደግሞ የወር አበባዋ ከቆመ ብዙ ዓመቷ ነው፤ ያም ብቻውን አጥንት ያሳሳል። አንዱ በአንዱ ላይ ተደራረበባት።

«ለምን ጀርባዋ? ለምን እጇ አይሆንም?» አልኳት። የጀርባ አጥንት ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ነው አለችኝ። ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ቀጭን ግድግዳ ነው ክብደታችንን የሚሸከመው። መድኃኒቱ ቶሎ የሚጎዳው እንዲህ ዓይነቱን አጥንት ነው። ግድግዳው ሲሳሳ ዓይኑ ይሰፋል። ከዚያ አንድ ጀሪካን ይበቃዋል። አንዳንዴም ጀሪካን አያስፈልግም፤ ማሳል ብቻ ይበቃል። ብዙ ሰው ሳያመው ይሰበርና የሚያውቀው ሲያጥር ነው። ስለዚህ ቁመት መለካት ትልቅ ምርመራ ነው አለች። አንድ ሰው ከወጣትነቱ ቁመት አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ካጠረ መታየት አለበት። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ሜትር ይዤ ስዞር ይሄን አላውቅም ነበር።

የደነገጥኩበት ሌላ ነገር ፍጥነቱ ነው። አጥንት በጣም የሚሳሳው ኪኒኑ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ነው። ዓመታት መጠበቅ የለም። በቀን 2.5 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የአንዷን ፍሬ ግማሽ፣ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው እንኳን አጥንቱ ሊታሰብለት ይገባል። እንደ እማዬ በየመሃሉ የአምስት አምስት ቀን የሚወስድ ሰው ደግሞ «አምስት ቀን ምን አላት» ይላል። አምስቱ ቀን ግን ይደመራል። በዕድሜ ዘመን አራት አምስት ጊዜ እንዲህ የወሰዱ ሰዎች ላይ እንኳ የአጥንት መሳሳት፣ የስኳርና የዓይን ሞራ ችግር ከፍ ብሎ ይታያል። እማዬ ይሄን በአንድ ዓመት አልፋዋለች።

ቤት ገብቼ ይሄን ስነግራት እማዬ ተቆጣች። «በቃ፣ ዳግመኛ አልነካትም» አለችና የቀሩትን ፍሬዎች ልትጥል ተነሳች። ሮጬ ለልጅቷ ደወልኩ። በስልክ አነጋገረቻት። «እማማ፣ ሐኪም ያዘዘልዎትን አምስት ቀን ይጨርሱ። በጣም ሲያፍንዎት ይሄ መድኃኒት ነፍስ ያድናል፤ አልወስድም እንዳይሉ። ለሳምንታት የወሰደ ሰው ደግሞ በአንድ ቀን አያቆምም፣ በሐኪም እየተቀነሰ ነው የሚቆመው።» ለምን እንደሆነ ኋላ አስረዳችኝ። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ኪኒኑን የሚመስል ኮርቲዞል የሚባል ነገር ራሳቸው ይሠራሉ። ከውጭ ብዙ ሲገባ እነሱ ይተኛሉ። ኪኒኑ ድንገት ከቆመ ሳይነቁ ሰውየው ይዝላል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሊሞትም ይችላል።

የመድኃኒቱን ታሪክ ራሴ ፈልጌ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ውስጥ በቁርጥማት ታስራ መራመድ ያቃታት አንዲት ወጣት ሴት የፕሬድኒሶሎን ዘመድ የሆነውን ኮርቲዞን ተወጋች። በጥቂት ቀናት ተነስታ ሄደች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራው የኖቤል ሽልማት አገኘ። እማዬ «ነፍስ ናት» ማለቷ ልክ ነበር። ልኩን የሚቆጥርላት ሰው ነው ያጣችው።

አሁን ወደ መድኃኒት ቤቷ ልመለስ። ባንኮኒው ሥር አንድ ትልቅ ደብተር አለ። አስም፣ ስኳር፣ ግፊት ያለበት ደንበኛ ሁሉ ገጽ አለው። የእማዬ ገጽ ላይ አራት ዓምድ ተሰምሯል፤ ቀን፣ መድኃኒት፣ ስንት ፍሬ፣ ማን አዘዘው። አምስተኛ ዓምድ እኔ ስለጠየቅኩ ተጨመረ፤ ቁመት። በየሦስት ወሩ በሜትሬ እለካታለሁ፣ እሷ ትጽፈዋለች።

ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ኪኒኑ ብቻ አይደለም። ሲያፍን የሚነፋው ሰማያዊ ፓፍ፣ ሳልቡታሞል፣ ስንት ጊዜ እንደተገዛም ይጻፋል። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ካለቀ አስሙ አልተያዘም ማለት ነው አለችኝ፤ ሐኪም ዘንድ መልሳ ትልካለች። አንድ ጎረቤቴ ሳልቡታሞል ብቻ እየነፋ ዓመታት ኖሯል። እሱንም ላከችው። አሁን ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል የሚባሉ መድኃኒቶች አንድ ላይ ያሉበት ፓፍ ታዞለት ከኔ ፈጥኖ ደረጃ ይወጣል።

የእማዬን የፓፍ ፍርሃት ያስለቀቀችበት መንገድ በጣም ደስ ይለኛል። አልተከራከረቻትም። «እማማ፣ የሚውጡት ኪኒን በሚሊ ግራም ነው የሚለካው። ፓፉ በማይክሮ ግራም ነው። አንድ ሚሊ ግራም አንድ ሺህ ማይክሮ ግራም ነው።» ሁለቱም ኮርቲኮስቴሮይድ ቢሆኑም መድኃኒቶቹ ስለሚለያዩ ቁጥር በቁጥር አይነጻጸሩም፤ ይሄንንም አልደበቀችም። ግን ፓፉ የሚሄደው በቀጥታ ወደ ሳንባ ነው፣ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። መካከለኛ በሆነ መጠን ከተወሰደ በአጥንት ላይ ያለው ጉዳት ከኪኒኑ ጋር አይወዳደርም። ለዓመታት በከፍተኛ መጠን የሚወስድ ሰው ላይ ግን እሱም ሊታሰብበት ይገባል። «ፓፉን በየቀኑ ከወሰዱ ኪኒኗ ብዙ ጊዜ አታስፈልግዎትም» አለቻት። እማዬ ዝም አለች። ያን ማታ ካርቶኑን ራሷ ከፈተችው።

አሳሳቡ ግን አልሆነላትም። ፓፉን ስትጫን ትንፋሿ ቀድሞ ያልቃል፤ መድኃኒቱ ምላሷ ላይ ይቀራል። ፓፉ ላይ የሚገጠመው፣ ስፔሰር የሚባለው ቱቦ ያኔ ሱቋ ውስጥ አልነበረም። ልጅቷ «ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዘሽ ነይ» አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አስም በያዛቸው ሕፃናት ላይ ተሞክሮ፣ ከግማሽ ሊትር ላስቲክ ጠርሙስ የተሠራው የትንፋሽ ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ለመስጠት ከፋብሪካው እኩል ሆኖ ተገኝቷል አለችኝ።

የሠራሁት እኔ ነኝ። የፓፉን አፍ ጠርሙሱ ቂጥ ላይ አስቀምጬ በኖራ አሰመርኩ፤ ለጨርቅ የምጠቀምበት ኖራ ነው። ወፍራም ሽቦ በእሳት አግዬ በመስመሩ ላይ አዞርኩት። ላስቲኩ ገና ትኩስ እያለ ፓፉን ገፋ አድርጌ አስገባሁት፤ ልክ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ያዘው። ዙሪያውን በፕላስተር ዘጋሁ። በዕቃ ሳሙና አጥቤ ሳልጠርገው በራሱ እንዲደርቅ ተውኩት፤ ቢጠረግ ላስቲኩ ኤሌክትሪክ ይይዝና መድኃኒቱን ወደ ራሱ ይስባል። እማዬ አሁን የጠርሙሱን አፍ በከንፈሯ ይዛ፣ እኔ አንዴ እጫናለሁ፣ እሷ ቀስ ብላ ትስባለች፣ እስከ አሥር ትይዛለች። ከዚያ አፏን በውሃ ተጉመጥምጣ ትተፋለች። ካልተጉመጠመጠች ምላሷ ላይ ነጭ ነገር ይወጣባታል። በኋላ የፋብሪካው ስፔሰር ሲመጣ ገዛን። ሃይላንዱን ግን አልጣልኩትም፤ የእህቴ ቤት ስትሄድ ይዛው ትሄዳለች።

የአጥንት መጠን ምርመራ፣ ዴክሳ የሚባለው፣ እዚህ ሰፈር የለም። ከተማ መሄድ ነው። ሐኪሙ አዘዘልንና ሄድን። ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። ጠፍጣፋ አልጋ ላይ ትተኛላችሁ፣ አንድ ክንድ በላያችሁ ቀስ ብሎ ያልፋል። አያምም። ጨረሩ ከደረት ራጅ ያነሰ ነው። ብረት ያለው ልብስ ይወለቃል፣ ካልሲየም ኪኒን ከአንድ ቀን በፊት ይቆማል። ውጤቱ ቲ-ስኮር ይባላል፤ አጥንታችሁን ከጤነኛ ወጣት አጥንት ጋር ያወዳድራል። ከ-1 በላይ ደህና ነው። ከ-2.5 ጀምሮ ወደ ታች የአጥንት መሳሳት ነው። የእማዬ ጀርባ -2.9 ወጣ፣ ዳሌዋ -2.1። ወረቀቱን ያነበበችልኝ ያው ልጅቷ ነች። ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ቁጥሩ ያን ያህል ሳይወርድም ሊሰበር ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ እንዳታዪ አለችኝ።

ሐኪሙ የኩላሊት ምርመራ አይቶ፣ ስለ ጥርሷም ጠይቆ አሌንድሮኔት የሚባል የአጥንት መድኃኒት፣ 70 ሚሊ ግራም፣ አዘዘላት፤ በሳምንት አንድ ፍሬ። አወሳሰዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ተራ ውሃ። ቡና አይሆንም፣ ወተት አይሆንም፣ አምቦ ውሃም አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ማዕድን መድኃኒቱን ይይዘዋል። ከዋጡ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መተኛት የለም፣ መብላት የለም። ከተተኛ ኪኒኑ ጉሮሮ ያቆስላል።

ልጅቷ «የትኛው ቀን ይመችዎታል?» ብላ ስትጠይቃት እማዬ «እሁድ» አለች፤ እንዳትረሳው። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «እሁድ ቅዳሴ አይሄዱም?» አለቻት። እማዬ ትቆርባለች። ውሃ ቀምሳ አትገባም። ሰኞ ሆነ። ሐኪሙም እኔም ያላሰብነው ነገር ነበር። አሁን ሰኞ ጠዋት እማዬ ኪኒኗን ውጣ በረንዳ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፣ ፀሐይዋንም እዚያው ታገኛለች። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ቡና አፍልቼ እጠራታለሁ።

ስለ ምግብም አስልታልናለች። በእማዬ ዕድሜ በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልጋል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 አለው። ግን አሁን ሁዳዴ ነው፣ 55 ቀን። ረቡዕና ዓርብ ሲጨመር፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ ሲጨመር የዓመቱ ግማሽ ያህል ወተት የለም። «ጾሙን ያፍርሱ» ብትላት እማዬ ያቺን ሱቅ ዳግመኛ አትረግጥም ነበር። አላለቻትም። ጤፍ በመቶ ግራም ወደ 180 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለው፤ ሁሉም ባይመጠጥም እርሾው ይረዳል። የሐበሻ ጎመን ጥሩ ነው፣ ካልሲየሙ ይመጠጣል። ቆስጣ ግን ውስጡ ባለው አሲድ ምክንያት ካልሲየሙን አይለቅም።  ጨው መቀነስ ነው፤ ጨው ካልሲየምን በሽንት ይዞ ይወጣል። የጎደለውን በኪኒን መሙላት። ካርቶኑ ላይ ካልሲየም ካርቦኔት 1,250 ሚሊ ግራም የሚል ካያችሁ ንጹሁ ካልሲየም 500 ነው። ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፣ ከሰኞዋ ኪኒን ጋር ግን በአንድ ላይ አይሆንም።

ዋጋን በተመለከተ፣ ከሰፈሩ ሌሎች መድኃኒት ቤቶች ብዙ አይለይም። ካልሲየሙ እንደውም ትንሽ ይወደዳል። በቴሌብር ይከፈላል፣ ደረሰኝ ሳትጠይቁ ይሰጣችኋል። የጤና መድኅን ካርድ ግን እዚያ አይሠራም። ልጅቷ ራሷ «ይሄን ጤና ጣቢያ በመድኅን ታገኙታላችሁ፣ እዚህ ገንዘብ አታውጡ» ብላ ሁለት ጊዜ መልሳናለች።

የማይመቹኝ ነገሮችም አሉ። አንደኛ፣ ሱቋ ጠባብ ስለሆነች የምትናገሩትን ሁሉ ከኋላ የቆመው ይሰማል። አንዲት ሴት ስለ በሽታዋ ስትጠየቅ በሹክሹክታ ስትመልስ አይቻለሁ። መጋረጃም ቢሆን፣ ጥግ ላይ አንድ ወንበርም ቢሆን ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ እሁድ ልጅቷ አትገባም። የሚተካት ሰው ጨዋ ነው፣ ግን ደብተሩን አይከፍትም። አንድ እሁድ ሳልቡታሞል ሸጦልኝ አልጻፈውም፤ ሰኞ እኔ ሄጄ አስጻፍኩ። ደብተሩ የአንዲት ልጅ ልማድ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር እፈራለሁ። ባለቤቱ ይሄን ካነበበ ሁሉም ሠራተኛ እንዲጽፍ ያድርግ። ሦስተኛ፣ ፓፍ አንዳንዴ ያልቃል። ጥር ላይ አሥራ አንድ ቀን ጠብቀናል። ልጅቷ ከሌላ ቦታ አፈላልጋ ስላገኘችልን እንጂ እማዬ እንደገና ወደ ኪኒኗ ትመለስ ነበር።

አራተኛው ደረጃው ነው። መግቢያው ላይ ሦስት ከፍ ከፍ ያሉ ደረጃዎች አሉ፤ መደገፊያ የላቸውም። አጥንቱ የሳሳ ሰው የሚመላለስበት ቤት መደገፊያ ሊኖረው ይገባል። እማዬ ስትወጣ እኔ ከኋላ ሆኜ ክንዷን እይዛለሁ። ለባለቤቱ ነግሬዋለሁ፤ አንዴ ሳይሆን ሦስት ጊዜ።

ለመምጣት ለምታስቡ፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ በታክሲ ወይም በባጃጅ ኮዬ ፈጬ ትገባላችሁ። ከአትክልት ተራው ፊት ለፊት፣ አረንጓዴ በር ያለው ነው። ፋርማሲስቷ ስሜ አይጻፍ ስላለችኝ አልጻፍኩም፤ «ደብተር ያላት ልጅ» ብትሉ ሁሉም ያሳያችኋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነው። ጥያቄ ካላችሁ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ሂዱ፤ ያኔ ሰው የለም። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። በዓመት ስንት ጊዜ ኪኒን እንደወሰዳችሁ ቤት ሆናችሁ ቁጠሩ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።

የእማዬ ገጽ ላይ ከመስከረም ወዲህ ፕሬድኒሶሎን የተጻፈው አንዴ ነው፤ ያው የእንቁጣጣሹ። የቁመት ዓምዱ በታኅሣሥ 127 ይላል፣ በመጋቢትም 127። ቀሚሱን ከፊት አሳጥሬ፣ ከኋላ ጨርቅ ጨምሬ፣ ለፋሲካ እያደረስኩላት ነው። ትናንት ካልሲየም ልገዛ ስሄድ ደግሞ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ በያጅ ብረት ሲለካ አገኘሁት። ቁመቱ ስንት ይሁን ብሎ ጠየቀኝ። ሜትሬ አንገቴ ላይ ነበር፤ በእማዬ ክንድ ልክ ሰጠሁት።